"ጠፍቶልኝ ነበር ተመለሰብኝ" ለምትሉ፦ ማድያትና የፊት ጥቁረት ላይ በየቀኑ የማያቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። ከጨጓራ ቀጥሎ ብዙ የምጠየቀው የፊት ጥቁረት ነው ብል አላጋነንኩም። ማድያት በሉት፣ ብጉር ጥሎት የሄደ ምልክት በሉት፣ አንገት ስር የጠቆረ በሉት፣ ሁሉም የሚጀምረው "ዶክተር የሚያጠፋ ክሬም ስጠኝ" ብሎ ነው (ዶክተር አይደለሁም፣ ብናገርም የሚሰማኝ የለም)። ቀጥሎ ደሞ "ጠፍቶልኝ ነበር'ኮ፣ ተመለሰብኝ" ትመጣለች። አብዛኛውን ጊዜ የተመለሰው ክሬሙ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ጥቁረቱን ያመጣው ነገር እዛው ስላለ ነው። አረሙን ከላይ ከላይ አጭዶ ስሩን መተው በሉት፣ ዝናብ ሲነካው መልሶ ይወጣላ።

በቅደም ተከተል አይደለም የምጽፈው፣ እንደመጣልኝ ነው።

ምን እንደሆነ ሳያውቁ መቀባት። ሁለቱ ጉንጭ፣ ግንባርና የላይኛው ከንፈር ላይ ግራና ቀኙ ተመሳስሎ ከወጣ ማድያት ነው ብለን እንጠረጥራለን። ብጉር ወይ ቁስል የነበረበት ቦታ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ ካለ ደሞ ቆዳው ሲቆጣ የጣለው ቀለም ነው፣ እሱ ብጉሩ ካልቆመ አይቆምም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታከመው ብጉሩ ነው። ደረትና ጀርባ ላይ ወጥቶ ሲፋቅ ፈርፈር የሚል ከሆነ ቋቁቻ ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስ ነው፣ የማድያት ክሬም አይገባውም። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ቀለሙ ወደ ቦታው እስኪመለስ ወራት ስለሚፈጅ "አልሰራም" ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳትደጋግሙት። አንገቱና ብብቱ ወፈር ብሎ የጠቆረበት ሰው ይመጣና "በድንጋይ እየፈተግኩት ነው፣ አልለቅ አለ" ይለኛል። አይለቅማ፣ እድፍ አይደለም! ይሄኛው ብዙ ጊዜ ከውፍረትና ኢንሱሊን በደንብ ካለመስራቱ ጋር የተያያዘ ነው፣ ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ስኳር ተለኩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። በየኮስሞቲክስ ቤቱ ተቀላቅሎ በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ስም የለሽ ክሬም አለ፣ ወይ ደሞ "እኔን አጥፍቶልኛል" ተብሎ ከጎረቤት በቲዩብ የሚመጣ። ቲዩብ ከሆነ አገላብጣችሁ ትንሿን ጽሁፍ አንብቡ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታዞን፣ ሞሜታዞን የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ መጥፎ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም፣ ለችፌ ሐኪም ለተወሰነ ቀን ሲያዘው ጉድ ነው የሚሰራው። ክሎቤታሶል ግን ከስቴሮይድ ቅባቶች ኃይለኛው ምድብ ውስጥ ያለ ነው፣ ማድያት ላይ በየቀኑ የሚለቀለቅ አይደለም። ታዲያ ሰው ለምን ይወደዋል? በሳምንት ውስጥ ስለሚያፈካ ነዋ! የደም ስር ያጠባል፣ ቁጣውን ያበርዳል፣ ቀለም ማምረቱንም ያፍናል፣ ሰው "ፊትሽ በራ" ይልሻል፣ በቃ ተያዝሽ። ከዛ ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ስሮች ጉንጭ ላይ ይታያሉ፣ ብጉር ይፈላል፣ አገጭ ላይ ጸጉር ይበቅላል። ስታቆሚው ፊትሽ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ማድያቱም ብሶበት ይመለሳል፣ ያኔ ደንግጠሽ ክሬሙን ድጋሚ ትገዢያለሽ። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ደሞ የዓይን ግፊትና ሞራ እስከማምጣት ይደርሳል። ይሄን ሁሉ ለማን ብዬ እንደምናገር እንጃ፣ ነገም ሰው መጥቶ "ያቺን ቀይ ካርቶን" ይለኛል።

አንዲት የጥር ሙሽራ ትዝ ትለኛለች። የአጎቷ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ "እኔን እይ" ብላ የራሷን ክሬም አካፈለቻት፣ ሰርጉ ሊደርስ ሲል አለቀባት። እናቷ ይዘዋት ሲመጡ ፊቷ ቀልቶ አብጦ ነበር፣ ሲነኩት ያማታል። "ልጄ፣ ይቺኑ ዓይነት ብቻ ፈልግልን፣ ሰርጉ እስኪያልፍ" አሉኝ። እትየ ያቃጠላት'ኮ ይሄው ነው ስላቸው "ስትቀባውማ ደህና ናት!" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ስትቀባው ደህና ናት፣ ወጥመዱም እሱ ነው። ሐኪም ጋ ላክናቸው። ለወራት የተቀባችሁት ከሆነ በአንድ ቀን ወርውራችሁት አትነሱ፣ ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ወደ ለስላሳው እየተቀየረ ነው የሚወጣው። ሰርጉ በሜካፕ አለፈ።

ስም የለሾቹ ውስጥ ሌላው ጉድ ሜርኩሪ ነው። ኩላሊት ይጎዳል፣ እርጉዝ ከሆነች ለጽንሱም ይተርፋል። ሚናማታ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንደ ፈረንጆቹ ከ2020 ጀምሮ ከሚሊዮን 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማንጫ እንዳይመረትና ከአገር አገር እንዳይነገድ ተብሎ ነበር፣ ከ2025 ወዲህ ደሞ ሜርኩሪ የተጨመረበት ጭራሽ ተከልክሏል፣ ግን ጽሁፍ የሌለው ዕቃ ውስጥ ያለውን ማን ይለካዋል? ከምን እንደተሰራ ያልተጻፈበትን አትግዙ፣ አለቀ።

"እኔ ጥቁር ነኝ፣ ሰንስክሪን ለፈረንጅ ነው" የሚሉኝ ብዛታቸው (ሰንስክሪን ማለት የፀሐይ ጨረር መከላከያ ቅባቱ ነው)! ጠቆር ያለ ቆዳ እንደ ፈረንጅ ቶሎ አይቃጠልም፣ ልክ ነው፣ ቀለም በማምረት ግን የሚቀድመው የለም። የምንኖረው ደሞ የት ነው? ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር ዝቅ ብላ 1,800 አካባቢ። በየ1,000 ሜትሩ ዩቪ የሚባለው በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለንም። እኛን የሚያታልለን ብርዱ ነው፣ ጋቢ ደርበን ስለምንሄድ ጨረር ያለ አይመስለንም። ክረምት ላይም ስስ ደመና አብዛኛውን ያሳልፋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለችው ናት ክፉዋ።

ሰንስክሪን የገዙትም በትክክል አይቀቡትም፣ ነካ ነካ አርገው ይወጣሉ። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ነው የሚወጣው፣ ውጭ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ ይደገማል። ኤስፒኤፍ (ሰንስክሪኑ ላይ የተጻፈው የመከላከል አቅሙ ቁጥር) 30 በደንብ ከተቀባ የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ያህል ያግዳል፣ 50 ደሞ 98፣ ስለዚህ 100 የሚል ፍለጋ ገንዘብ አትጨርሱ። ለማድያት ግን አንድ የሚዘለል ነገር አለ፦ በዓይን የሚታየው ብርሃን ራሱ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ቀለም ያነሳሳል፣ ተራው ሰንስክሪን ደሞ እሱን ብዙም አይዝም። አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቲንትድ የሚሉት ባለ ቀለሙ ይሻላል፣ ነጭ ሆኖም ፊት ላይ አይቀርም።

በባሕር ዳር መስመር የሚሰራ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ግራ ጉንጩ ብቻ ጠቁሮ መጣ። ወንድሜ መስኮቱ ነው ስለው ሳቀብኝ፣ "መስታወቱን'ኮ ዘግቼ ነው የምነዳው!" ተራ የጎን መስታወት "ዩቪ ቢ" የሚባለውን ጨረር ይይዛል እንጂ "ዩቪ ኤ" የሚባለውን በደንብ ያሳልፋል፣ ቀለም የሚያነሳሳው ደሞ እሱም ነው።

ውድ ነው አውቃለሁ፣ ያውም ከተገኘ። አቅም ከሌለ ዣንጥላና ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣ ያዙ፣ ፌዝ አይደለም፣ ጥሩ ዣንጥላ ምንም ካለመያዝ በጣም ይሻላል። ነጠላን ግን አትቁጠሩት፣ ስስ ነጭ ጥጥ ብዙ ነው የሚያሳልፈው። ሦስት ወር ተጠንቅቃ ጥምቀት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ ፊቷን ውላ በሳምንቱ "ክሬምህ አይሰራም" ብላ የተቆጣችኝ አለች፣ አልቀየምኳትም።

እሳት ደሞ አለ። እንጀራ የምትጋግር፣ አረቄ የምታወጣ፣ ምድጃ ላይ ተደፍታ የምትውል ሴት ሰንስክሪን ብትቀባም ማድያቷ ሊነሳ ይችላል፣ ሙቀቱ ራሱ ያነሳሳዋል። ፊትን ከእሳቱ ማራቅ፣ በየመሃሉ በቀዝቃዛ ውሃ ማራስ። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ፣ መጋገር አቁሚ አልላት።

ሎሚ። ተዉት። ይልጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደሞ ራሱ አዲስ ጥቁረት ያመጣል። ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙናም እንደዛው።

ብጉር ማፈንዳት፦ አንዷን ብጉር በጥፍር ነክታችሁ ለወራት የሚቆይ ነጥብ ትገዛላችሁ። ወንዶች፣ አገጭና አንገት ስር የምትጠቁሩት ምላጩ ነው፣ ጸጉሩን ከስር እየላጫችሁ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ በማሽን ትንሽ አስቀርታችሁ ተቆረጡ።

ሃይድሮኪኖን የሚባለው ጥቁረት የሚቀንስ መድኃኒት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያለው፣ ስሙን ሲሰማ የሚሸሽና አምስት ዓመት ሙሉ የሚቀባ። መድኃኒቱ ለማድያት ሲሰራበት የኖረ ነው፣ ሐኪም ሲያዘው አብዛኛውን ጊዜ 4 በመቶ ሆኖ ከ3 እስከ 4 ወር ይቀባና እረፍት ይደረጋል። ያለ እረፍት ለዓመታት ሲቀባ ግን ራሱ ሰማያዊ ጥቁር የሆነ፣ ለማከም በጣም ከባድ የሆነ ጥቁረት ያመጣል። ይሄ እንደ ፈረንጆቹ በ1975 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማንጫ ይቀቡ በነበሩ ሴቶች ላይ ታይቶ የተጻፈ ነገር ነው። የሚያሳዝነው፣ ሰውየው ጥቁረቱ ሲጨምር ክሬሙንም ይጨምራል። ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይን (ከቫይታሚን ኤ ዘር የሆነ መድኃኒት) እና ቀለል ያለ ስቴሮይድ አንድ ላይ ያለበት ሦስት ለአንድ የሆነ ክሬም አለ፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ለ8 ሳምንት አካባቢ በሐኪም ትዕዛዝ የሚሄድ እንጂ ሎሽን አይደለም። ትሬቲኖይን ብቻውን የታዘዘላችሁም በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ፣ አንድ ፍሬ አተር በምታህል መጠን ጀምሩ። ቶሎ እንዲሰራ ብላችሁ ስትደፉት ፊት ይላጣል፣ የተላጠው ደሞ ይጠቁራል።

አንዷ መጥታ "ከወለድኩ ወዲህ ነው" አለችኝ። ምን ዓይነት መከላከያ ነው የምትጠቀሚው? "ፒልስ።" በፊትስ፣ እርግዝና ላይ ወጥቶብሽ ነበር? "አዎ፣ ከወለድኩ በኋላ ለቀቀኝ፣ ፒልሱን ስጀምር መጣ።" ያው መልሱን ራሷ ነገረችኝ። እርግዝናም ሆርሞን ያለበት መከላከያም ማድያት ያነሳሳሉ። ይሄን ሰምታችሁ ግን ዛሬ ማታ እንክብሉን እንዳትተዉት፣ ማድያት ጠፍቶ ያልታሰበ እርግዝና ቢመጣ ማድያቱም አብሮ ይመጣል! ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሆርሞን የሌለበትን አማክሩ፣ የመዳብ ሉፕ ለምሳሌ። እርጉዝ ከሆናችሁ ሃይድሮኪኖንም ትሬቲኖይንም ይቅር። አዜላይክ አሲድ በእርግዝናም ይፈቀዳል፣ ለብጉሩም ለጥቁረቱም ይሆናል፣ እኛ ጋ ሁሌ አለመገኘቱ ነው እንጂ።

ትዕግስት ማጣት የሁሉም ነው። የላይኛው ቆዳ ራሱን ለመቀየር ከአንድ ወር በላይ ይፈልጋል፣ የብጉር ምልክት ደሞ በደንብ ታክሞም ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ዓመት። በሁለት ሳምንት ክሬም የሚቀያይር ሰው የቱ እንደሰራለት የቱ እንዳቃጠለው አያውቅም። ወደ ግራጫና ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ቀለሙ ጠልቆ ነው፣ ከዛም በላይ ይቆያል። እና የጠፋ ቀን ሁሉንም ነገር አትጣሉ። ማድያት ብዙ ጊዜ ይተኛል እንጂ ድኖ አይሄድም፣ ጠንካራው መድኃኒት ይቆማል፣ ሰንስክሪኑና ዣንጥላው ግን ይቀጥላሉ፣ ለብዙዎቹ የተመለሰባቸው እዚህ ጋ ነው።

እግረ መንገዴን፣ የአንገትና የግንባር ንቅሳት በክሬም ለማጥፋት የምትመጡ እናቶች፣ ቀለሙ ያለው ክሬም በማይደርስበት ጥልቀት ነው፣ እንዲያውም ያምርባችኋል።

ፋርማሲ መምጣት የሌለበትም አለ። ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ስር አዲስ ጥቁር ነገር ወጥቶ እያደገ፣ ቅርጹ እየተዛባ ወይም እየደማ ከሆነ ምንም እንዳትቀቡት። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሲመጣ በብዛት የሚወጣው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው፣ ጫማ ስለሚሸፍነው ደሞ ይዘገያል። ጤና ጣቢያ ሪፈር አስጽፋችሁ ባሕር ዳር ወርዳችሁ የቆዳ ሐኪም ይየው፣ "እሾህ ወግቶኝ ነው" ብላችሁ መኸር እስኪያልፍ አታቆዩት።