ለቁፋሮ ጠርተን ለምክር የረሳናቸው

ጎንደር ላይ ችግኝ መትከል ከጀመርን ጥቂት ክረምቶች አልፈዋል። ብዙ የተሳሳትነው በአተካከሉ ሳይሆን በሰው አያያዝ ነው።

አንደኛው ስህተት፣ ሁሉን ጨርሶ ሰው መጥራት። አንድ ሐምሌ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ኮረብታ ሄድን። ባነር አለ፣ ቲሸርት አለ፣ ካሜራ አለ። ጉድጓዱን የቆፈሩት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ቦታውን የመረጥነው ግን እኛ ነን፣ ያውም ማኪያቶ ይዘን። እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ እናት ቆም አሉና "ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የከብት መውረጃ ነው" አሉን። "እሺ እማማ" ብለን ቀጠልን። መስከረም ላይ ስንመለስ ያገኘነው የከብት ኮቴ ብቻ ነው።

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ጥቁሮች በሚበዙበት ዋረን ካውንቲ መርዛማ አፈር ሊቀበር ሲል ሰዉ መንገድ ላይ ተኝቶ ተቃወመ፤ ከ500 በላይ ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጥቁሮችና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሕዝቦች ዋሽንግተን ተሰብስበው 17 መርሆዎች አወጡ። አንዱ ከዕቅዱ ጀምሮ በእኩልነት እንሳተፍ የሚል ነው። እማማም ያሉን ይሄንኑ ነው፣ በአጭሩ።

ሁለተኛ፣ ነዋሪውን የተፈጥሮ ጠላት ማድረግ። ስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2017 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲወጣ ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ በፊት ግን ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ ሙስሊም ገበሬዎች፣ ፓርኩን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። ዋልያ ግጦሽ ይፈልጋል፣ በዚህ አልከራከርም። ገብሱን ጥሎ ከተማ የገባው ሰው ዛሬ በምን እንደሚኖር ግን በእኛ ስብሰባ ላይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ዋልያው ሁሌም ይነሳል።

ሦስተኛ፣ የተናቀን ሰው እውቀት መናቅ። ጣና ዳር ያለው የወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል ታንኳ እየሠራ ኖሯል። ደንገሉ የት እንደሳሳ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? የቅማንት ሽማግሌዎችም የሚጸልዩት በተከበሩ ዛፎች ሥር ነበር፤ ዛፍ አትቁረጡ ብለን ልናስተምራቸው መሄዳችን ያሳፍራል። ለእምቦጭ ነቀላ የጠራችሁትን ሰው ለምክክሩም ጥሩት።

ዓርብ ስግደት ሰዓት፣ ወይም የታቦት ንግሥ ቀን ስብሰባ አትጥሩ። ይሄ ማብራሪያ አያሻውም።

የመጨረሻው ስህተት ገንዘብ ላይ ነው። ሒሳቡን ስናየው ለባነር ያወጣነው ለጥበቃ ከከፈልነው ይበልጣል። "ለራሳቸው ስለሆነ በነፃ ይጠብቁት" ስንል ነበር፤ እኛ ግን የትራንስፖርት አበል እንቀበላለን። ዘንድሮ ባነር አላሠራንም። ቦታውንም እማማ ናቸው ያሳዩን።