የፈጣን መኪናን ፍሬን እንዴት ማሳደግ ይቻላል፦ ከዘይቱ ጀምሩ

ፍሬኑ እምቢ ያለኝ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ነው። መኪናዋ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ናት፤ ቱርቦ ያላት፣ ዳገት የማትፈራ። ከሳምንት በፊት አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ አስገብቼላት ስለነበር ተማምኜባት ነበር። አንዱ ኩርባ ላይ ስደርስ ግን ፔዳሉ እንደ ወትሮው መሃል ላይ አልያዘም፤ ሰተት ብሎ ወረደ። ደግሜ ረገጥኩት፣ ወለሉን ነካ። ከፊቴ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች የመንገዱን ጠርዝ ይዘው ይወርዳሉ። ሁለተኛ፣ ከዚያ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ እየሳብኩ፣ መኪናዋን ከቦዩ ጥግ አስደግፌ አቆምኳት። ማንንም አልነካሁም። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆሜ ስሞክረው ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጠንክሮ ነበር።

በማግስቱ ዘይቱን ቀዳሁት። የቡና አተላ ይመስላል። ዲስክና ሸራ ስቀይር ስንት ዓመት እንደቆየ የማላውቀውን የፍሬን ዘይት እዚያው ትቼው ኖሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይሞላል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፣ ስለዚህ እግራችሁ የሚጫነው እንፋሎቱን እንጂ ሸራውን አይደለም። ሲበርድ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽ ይመለሳል፣ ፔዳሉም ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህ ደርሶበት «ፍሬኗ ትንሽ አስቸገረችኝ፣ አሁን ተስተካከለች» ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። አልተስተካከለችም።

ስለዚህ ፍሬን ማሳደግ ሲባል ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ ካሊፐር (በፒስተኖቹ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ብቻ አይምጣባችሁ። በተለይ እኛ ከተማ ውስጥ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እግራችንን የሚያግዘው ሰርቮ ደግሞ የሚሠራው በዚሁ ግፊት ነው፤ ስለዚህ ያው መኪና ጅቡቲ ላይ ከሚያገኘው እገዛ እዚህ ቢያንስ ሩቡ ይጎድለዋል። የሳሳ አየር ዲስኩንም በደንብ አያቀዘቅዝም። በዚያ ላይ ቁልቁለቱ አለ። 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ ተይዞ ቢወርድ፣ ዲስኮቹ የሚሸከሙት ሙቀት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ላይ ተነስቶ 12 ጊዜ እየደጋገሙ እንደማቆም ያህል ነው።

1. መጀመሪያ ያላችሁን ፈትሹ

ጎማው ያለቀ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙና ገንዘባችሁን ለጎማ አውሉት። መኪናውን መሬት ላይ የሚይዘው ጎማው ነው፤ ላጭ ጎማ ላይ የተገጠመ ትልቅ ካሊፐር በክረምት ቸርችል ጎዳና ላይ ቁልቁል ከማንሸራተት አያድናችሁም።

ሰርቮውን ለመፈተሽ ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ። ከዚያ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ንቅንቅ ካላለ ሌላ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አሠሩ።

2. ምን እንደምትገዙ ወስኑ

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ዘይት፣ ሸራ፣ ቱቦ፣ ዲስክ፣ መጨረሻ ላይ ካሊፐር። ብዙ ሰው ሶማሌ ተራ ሲገባ ከመጨረሻው ይጀምራል።

ዘይት ላይ ደረጃውን የሚያሳየውን የዶት ቁጥር እዩ። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ይህ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ደግሞ ከ260 ወደ 180 ነው። ለከተማና ለእንጦጦ መንገድ ጥሩ ዶት 4 ይበቃል። ዶት 5 የሚለው ግን የሲሊኮን ዘይት ነው፤ ስሙ ቢመሳሰልም ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ኤቢኤስ (ጎማው ፍሬን ሲያዝ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ያለው መኪና ላይም አይገባም። የታሸገ ጠርሙስ ብቻ ግዙ። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።

ሸራ ላይ የውድድር የሚባለውን ተዉት። የውድድር ሸራ ሳይሞቅ አይዝም፤ በሐምሌ ጠዋት ከፒያሳ ተነስታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ስትይዙ የምትፈልጉት ሳይሞቅም የሚይዝ ነው። ለፈጣን የከተማ መንዳት ተብሎ የተሠራ ሸራ አለ፣ እሱን ጠይቁ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዲስክም ለዓይን ያምራል እንጂ ሙቀት ሲደጋገምበት ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ሁለት ሳህን ሆኖ መሃሉ አየር የሚያሳልፍ፣ ፊቱ ድፍን የሆነ ዲስክ ግዙ። ያገለገለ ከሆነ ውፍረቱን በካሊብሮ አስለኩት፤ የመጨረሻው ትንሹ ውፍረት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ተመትቶ ይገኛል። የእኔዋ የፊት ዲስክ አዲስ ሲሆን 24 ሚሊ ሜትር ነው፣ 22 ከደረሰ ይጣላል። «ቶርኖ ቤት ትንሽ ይላጥና ይሠራል» የሚላችሁን አትስሙ፤ የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚያከማችበት አካል የለውም።

ካሊፐር ለመቀየር ከወሰናችሁ ከዚያው ከመኪናችሁ ቤተሰብ ፈልጉ። እኔ ያገኘሁት አራት ፒስተን ያለውን የሱባሩ ካሊፐር ነው፤ በዚያው በ294 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ መኪናዋ ላይ ያለው ማስተርም (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር) ይስማማዋል። ከማይታወቅ መኪና የተፈታ ግዙፍ ካሊፐር ብትገጥሙ ፒስተኖቹ የሚፈልጉትን ዘይት የእናንተ ማስተር ላይገፋ ይችላል፤ ያኔ ፔዳሉ ጠልቆ ይወርዳል፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ሚዛንም ይዛባል።

ቸርኬው ለአዲሱ ካሊፐር መብቃቱን ሳታረጋግጡ ደግሞ ገንዘብ አትክፈሉ። ካሊፐሩን ግጠሙና ወደ ቸርኬው የሚያይ ፊቱ ላይ ሦስት አራት ቦታ የዳቦ ሊጥ ለጥፉ። ጎማውን አስራችሁ በእጅ አዙሩት፣ ፍቱትና የተጨፈለቀውን ሊጥ ለኩ። ከ3 ሚሊ ሜትር ከሳሳ አይሆንም።

3. መፍታትና መግጠም

መኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት የጎማ ዳዶዎቹን አላሏቸው፣ መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በታኮ ያዙ፣ በክሪክ አንሱና ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚይዝ የብረት ማቆሚያ) ላይ አስቀምጡ። ክሪክ ብቻ አምናችሁ መኪና ሥር እጃችሁን አታስገቡ። ድንጋይም ካቫሌቶ አይደለም።

አሮጌውን ካሊፐር በቱቦው አታንጠልጥሉት፤ በሽቦ ከስፕሪንጉ ጋር እሰሩት። ዲስኩ ከወጣ በኋላ የሚቀመጥበትን የሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን የመሃል ብረት) ፊት በብረት ብሩሽ እስኪያበራ ፈትጉት። እዚያ የምትቀር የዝገት ቅንጣት ዲስኩን ዘንበል አድርጋ ታስቀምጠዋለች፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላም መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሰዎች ይህን «ዲስኩ ተጣሞ ነው» ብለው ሌላ ዲስክ ይገዛሉ።

በቤንዚን ወይም በናፍታ አትጠቡ። ጋራዥ ውስጥ የተለመደ ነው፣ ግን ነዳጅም ሆነ የሞተር ዘይት የፍሬንን ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያሽገውን ላስቲክ) ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኑን ይይዘዋል፣ ፍሬኑም አልለቅ ይላል። የፍሬን ማጽጃ ወይም ንጹህ አልኮል ተጠቀሙ። አዲሱን ዲስክም ከዝገት መከላከያ ቅባቱ አጽዱት።

የብረት ቧንቧውን ዳዶ በተራ መፍቻ አትንኩት። ለዚህ የተሠራ፣ ዳዶውን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ፣ አንድ ጎኑ ብቻ የተከፈተ መፍቻ አለ። ሌላ መሣሪያ ባትገዙ ይህንን ግዙ። ተራ መፍቻ ጠርዙን ያልጠዋል፣ ከዚያ ሙሉ ቧንቧ ነው የምትቀይሩት። ቱቦው ካሊፐሩ ላይ ሲታሰር የመዳቡን ሮንዴላ በአዲስ ለውጡ።

4. አየር ማስወጣት

መስመሩ ሲፈታ የገባው አየር መውጣት አለበት፤ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። እኔ አንድ ሙሉ እሑድ አጥፍቼበታለሁ።

ካሊፐሮቹን ገጥሜ የጎረቤት ልጅ ፔዳሉ ላይ አስቀመጥኩ። «ርገጥ!» «ረገጥኩ ጋሼ።» «ያዝ!» «ያዝኩ።» ማስተንፈሻዋን ቡሎን ሩብ ዙር እከፍታለሁ፣ ዘይቱ ይወጣል፣ እዘጋለሁ፣ «ልቀቅ!»። አንድ ጠርሙስ አለቀ። ሁለተኛው ተጋመሰ። አረፋ መውጣቱ ቆሟል፣ ፔዳሉ ግን ስፖንጅ እንደ መርገጥ ነው። ሦስተኛውን ጠርሙስ ከፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ ካሊፐሩን ሳየው ነው የገባኝ፦ ማስተንፈሻዋ ወደ ታች ታያለች። የግራውን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ገጥሜያቸዋለሁ። ሁለቱም ቡሎናቸው ይገጥማል፣ ዲስኩንም ያቅፋሉ፣ ምንም የሚከለክል ነገር የለም። አየር ግን ወደ ላይ ይወጣል፤ ማስተንፈሻዋ ከሥር ካለች አየሩ ካሊፐሩ አናት ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ ቀኑን ሙሉ ብትረግጡ አይወጣም። ስለዚህ ከምንም በፊት ማስተንፈሻዋ ከላይ መሆኗን በዓይናችሁ እዩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማስተንፈሻዋ ላይ የምታሳይ ቀጭን ጎማ ሰክታችሁ ጫፏን ትንሽ ንጹህ ዘይት ባለበት የውሃ ላስቲክ ውስጥ ንከሩ። የረገጠው ሰው ቡሎኗ ሳትዘጋ እንዳይለቅ አስጠንቅቁት፤ ከለቀቀ ያወጣችሁት አየር ተመልሶ ይገባል። በየአምስት ርግጫው ማስተሩ ላይ ያለውን የዘይት ዕቃ ሙሉ። አንዴ ባዶ ከሆነ አየር ወደ ማስተሩ፣ ከዚያም ወደ ኤቢኤስ ክፍሉ ይገባል፣ እዚያ የገባውን በብዙ መኪና ላይ ያለ ኮምፒውተር ማስወጣት ይከብዳል።

ከየትኛው ጎማ ይጀመራል? ብዙ መኪና ላይ ከማስተሩ ከሚርቀው ነው፤ መስመራቸው በሰያፍ የተከፈለ መኪናዎች ላይ ግን ይለያል። የመኪናችሁን የጥገና መጽሐፍ እዩ። ካሊፐሩ ሁለት ማስተንፈሻ ካለው ሁለቱም ይከፈታሉ።

አንድ ነገር ብዙ መካኒክም አይጠነቀቅለትም። ማስተሩ አሮጌ ከሆነ ፔዳሉን እስከ ወለል አትርገጡ። በዘወትር መንዳት የማስተሩ ጎሚኒ የሲሊንደሩን ፊተኛ ክፍል ብቻ ነው የሚጓዘው፤ የመጨረሻው ክፍል ለዓመታት ሳይነካ ዝገትና ዝቃጭ ይሰበስባል። ጎሚኒው እዚያ ሲደርስ ይቧጠጣል፣ ጤነኛ የነበረ ማስተር በዚያው ቀን ዘይት ማሳለፍ ይጀምራል። ፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ።

የምታሳየው ጎማ ውስጥ መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ሻይ የመሰለው፣ ከዚያ ንጹሁ ይመጣል። ንጹህ ሆኖም ከአምስት ስድስት ርግጫ በኋላ አንዲት የስንዴ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ ልትል ትችላለች። እሷን ሳታዩ አትቁሙ፤ ካሊፐሩን በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ንኩት፣ የተጣበቀው አረፋ ይለቃል። ቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ካለ ወዲያው በውሃ እጠቡ፣ ቀለሙን ይልጠዋል።

5. ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት

ጎማዎቹን በቶርክ ቁልፍ በሰያፍ እሰሩ። ከዚያ መኪናው እንደቆመ ፔዳሉን እስኪጠነክር ርገጡ። ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ተገፍተው ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው፤ ይህን ረስቶ ከግቢ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው በሩን ነው። ግቢ ውስጥ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩ።

6. ሸራና ዲስኩን ማላመድ

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ በደንብ አይዝም። ማለዳ 11 ሰዓት ላይ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከኋላችሁ ማንም በሌለበት ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስምንት አስር ጊዜ በልኩ እየያዛችሁ ቀንሱ። ሙሉ በሙሉ አታቁሙ፤ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ከቆመ ሸራው ያትምበታል፣ እሱም መልሶ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ማለዳ የሚሮጡ ሰዎች ስላሉ መስቀል አደባባይ አካባቢ አትሞክሩት። ሽታ ይኖራል፣ አትደንግጡ። ከዚያ ሳታቆሙ አሥር ደቂቃ በዝግታ ንዱና አቀዝቅዙት። ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፣ ማርሽ ውስጥ ተዉት።

ለሦስት ቀን ያህል ማታ ማታ የፈታችሁትን መጋጠሚያ ሁሉ በሶፍት ጥረጉ። ሶፍቱ ከረጠበ መኪናው አይነሳም። ደረቅ ከሆነ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን ደግማችሁ አጥብቁ፣ ዘይቱን የቀየራችሁበትን ቀን ኮፈኑ ሥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው እንደገና ይቀየራል።