ተከታታይ የፋንታሲ ልብ ወለድ መነበብ ይገባው እንደሆነ እንዴት መወሰን ይቻላል?

ፋንታሲ የሚባለውን፣ አስማትና ዘንዶ፣ ካርታ ላይ እንጂ ምድር ላይ የማይገኝ አገር ያለበትን ልብ ወለድ የሚወድ ሰው ከሌላው አንባቢ የተለየ ችግር አለበት። ነጠላ ልብ ወለድ ባይጥመው የሚከስረው ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ነው፤ ተከታታይ ባይጥመው ግን የሚከስረው ወራትን ነው። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ ወደ አማርኛ ስላልተተረጎሙ የምናነባቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህም ጊዜውን ይበልጥ ያረዝመዋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በተደጋጋሚ ተሳስቼ የደረስኩበት ሲሆን፣ እርምጃዎቹ ሁሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ቀጣዩ ቅጽ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያውን በማንበቤ እጸጸት ነበር ወይ?

1. መጠናቀቁን ያጣሩ

ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሆኖም ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ተከታታዩ ስንት ቅጽ እንዲሆን እንደታሰበ፣ ስንቱ እንደታተመና የመጨረሻው የወጣው መቼ እንደሆነ ይመልከቱ። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ብዙዎች በቴሌቪዥን ስሙ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ብለው የሚያውቁትን ታሪክ የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1996፣ አምስተኛውን በ2011 አሳተመ፤ የቴሌቪዥኑ ድራማ በ2019 ሲያበቃ ስድስተኛው ቅጽ ገና አልወጣም ነበር። ፓትሪክ ሮትፈስ በሦስት ቅጽ ባቀደው ታሪኩ የመጀመሪያውን በ2007፣ ሁለተኛውን በ2011 ካወጣ በኋላ አንባቢዎቹ ሦስተኛውን ሲጠብቁ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። በአንጻሩ ሮበርት ጆርዳን በ1990 የጀመረውን «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» ሳይጨርስ በ2007 ቢያርፍም፣ ብራንደን ሳንደርሰን ሟቹ በተዋቸው ማስታወሻዎች ላይ ተመርኩዞ ሦስት ቅጽ በመጨመር በ2013 ፈጽሞታል።

ያልተጠናቀቀ ተከታታይ ፈጽሞ አይነበብ የሚል አቋም የለኝም፤ እንዲያውም ደራሲው በሕይወት እየጻፈ እያለ አብሮ መጠበቅ የራሱ ደስታ አለው። ነገር ግን ባልተጠናቀቀ ሥራ ላይ ፍርድዎ ጠንከር ያለ ይሁን። በመጨረሻው ቅጽና በዛሬው ቀን መካከል ያለው ጊዜ ቀደም ሲል በየቅጹ መካከል ከነበረው እጥፍ ከበለጠ፣ እኔ መጽሐፉን መጨረሻ እንደሌለው ቆጥሬ ነው የምወስነው።

2. የአንድ ታሪክ ቁራጮች ናቸው ወይስ ራሳቸውን የቻሉ ታሪኮች?

ሁሉም ተከታታይ አንድ ዓይነት አይደለም። የቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ቢታተምም ደራሲው እንደ አንድ ሥራ የጻፈው ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጽ መንገድ ላይ ይቆማል። የቴሪ ፕራቼት «ዲስክወርልድ» ደግሞ ከ1983 እስከ 2015 የታተሙ 41 ልብ ወለዶች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚጋሩት ዓለሙን ነው እንጂ ታሪካቸው በየራሳቸው ይቋጫል። የኧርሱላ ለ ጉዊን «ኧርዝሲ» በመካከል ይገኛል፤ በ1968 የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ አጭርና ብቻውን የሚቆም ነው።

ልዩነቱ የሚጠቅመው አንድ በጣም የተለመደ ምክር ሲገጥምዎ ነው፤ «መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ሦስተኛው ላይ ግን ይጣፍጣል» የሚለው። ታሪኮቹ ራሳቸውን የቻሉ ከሆኑ ምክሩ ጥሩ ነው፤ በቀጥታ ከሚጣፍጠው ይጀምራሉ። በእርግጥም ብዙ የፕራቼት ወዳጆች አዲስ አንባቢን ከመጀመሪያው መጽሐፍ እንዳይጀምር ይመክሩታል። ታሪኩ አንድ ከሆነ ግን ምክሩ ማለት «ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ሳትወድ አንብብ» ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰጥ ወዳጅ ያነበበውን ረስቶ የመጨረሻውን ጣዕም ብቻ የሚያስታውስ ሰው ነው።

3. ሰዓቱን ያስሉ

በገጽ ብዛት አይመሩ፤ የፊደል መጠንና የገጽ ስፋት ስለሚለያይ ያሳስታል። የቃላት ብዛት የተሻለ መለኪያ ነው። አሥር ደቂቃ ያንብቡና ስንት ገጽ እንደሄዱ ይቁጠሩ፤ በአንድ ገጽ 300 ቃል ያህል ቢኖርና አምስት ገጽ ቢያነቡ ፍጥነትዎ በደቂቃ 150 ቃል ነው ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት 480,000 ያህል ቃላት ያሉት «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» 53 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ወደ 4.4 ሚሊዮን ቃላት የሚጠጋው «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» ደግሞ ወደ 490 ሰዓት ይፈልጋል፤ በየቀኑ ሳያቋርጡ አንድ ሰዓት ቢያነቡ እንኳ አንድ ዓመት ከአራት ወር መሆኑ ነው። ቁጥሩ የሚያስፈራዎ ከሆነ መጥፎ አንባቢ ነዎት ማለት አይደለም፤ ሥራ፣ ልጅና ማኅበራዊ ኑሮ ያለዎት ሰው ነዎት ማለት ነው።

4. የሌሎችን አስተያየት በልክ ይውሰዱ

ኢንተርኔት ላይ ለመጽሐፉ አምስት ኮከብ የሰጡትንም አንድ ኮከብ የሰጡትንም አንባቢዎች ይለፏቸው፤ ሦስት የሰጡትን ያንብቡ። በከፊል ወደው በከፊል ያልወደዱ ሰዎች ምክንያታቸውን ይዘረዝራሉ። «ቀስ ይላል» የሚለውን ቅሬታ ችላ ይበሉ፤ «ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ይናገራሉ» የሚለውን ግን በቁም ነገር ይያዙ። ፊልሙን አይቶ መወሰን ደግሞ ከሁሉ የከፋው አቋራጭ ነው፤ ፊልም የሚያሳጥረው ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገውን ነገር ነው።

5. የመጀመሪያዎቹን 60 ገጾች ያንብቡና ለሰው ይተርኩ

አስቸጋሪው እርምጃ ይህ ነው። ለማንበብ መጽሐፉን መግዛት አያስፈልግም፤ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሮች የመጀመሪያ ገጾችን በነጻ ያስነብባሉ፣ አሜሪካ ያሉ አንባቢዎችም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላቸው «ሊቢ» በተባለው መተግበሪያ ሙሉውን መዋስ ይችላሉ። የሚያስቸግረው በእነዚህ ገጾች ላይ ግራ መጋባት የማይቀር መሆኑ ነው። የአገሩ ስም፣ የነገሥታቱ ዘር፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የገንዘቡ ዓይነት ሁሉ ባዕድ ነው። ታዲያ ግራ የገባን ከደራሲው ድክመት የተነሣ ነው፣ ከእንግሊዝኛችን ማነስ ነው ወይስ የዘውጉ ጠባይ ነው?

እኔ ለዓመታት ጥፋቱን ሁሉ በራሴ እንግሊዝኛ አሳብብ ነበር። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ያልገባኝን ቃል ሁሉ እፈልግ ነበር፤ ከቃላቱ ብዙዎቹን ደራሲው ራሱ የፈጠራቸው መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ 30 ገጾች መዝገበ ቃላት አልከፍትም። ያልገባኝን ቃል በቁራጭ ወረቀት ላይ ብቻ እጽፋለሁ። ቃሉ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ከአገባቡ ትርጉሙ ከተገለጠልኝ ደራሲው አንባቢውን እጁን ይዞ እየመራ ነው። 60ኛው ገጽ ላይ ስደርስ የወረቀቱ ቃላት ከግማሽ በላይ አሁንም ጨለማ ከሆኑብኝ ደግሞ፣ ወይ ደራሲው አውቆ አንባቢውን ባሕር ውስጥ የሚወረውር ነው፣ ወይ መጻፍ አይችልም። የመጀመሪያው ዓይነት አለ፤ የስቲቨን ኤሪክሰን አሥር ቅጽ ያለው «ማላዛን» በዚህ ይታወቃል፣ የሚወዱትም ሰዎች የሚወዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱን የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ስሞቹን ሁሉ ቢሰርዟቸው የቀረው ዓረፍተ ነገር ጥርት ያለ ሥዕል ይሰጣል ወይ?

በንባቡ መካከል አስማቱን ደግሞ ይመርምሩ። አስማት የሚሠራው ሰው ምን ይከፍላል? ምንም የማያስከፍል አስማት ያለበት ታሪክ ጀግናው በተጨነቀ ቁጥር አዲስ ኃይል እያወጣ ይሸሻል፤ ይህም ከሁለተኛው ቅጽ በኋላ ያሰለቻል። በ«ኧርዝሲ» የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ያወቀ በዚያ ነገር ላይ ሥልጣን ያገኛል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ድግምት የዓለምን ሚዛን ስለሚነካ ጠቢቡ ጠንቋይ በተቻለው መጠን ከመሥራት ይቆጠባል። መተት ይሠራብናል ብለው የክርስትና ስማቸውን ከባዕድ የሚሰውሩ እናቶችና አባቶች ያሳደጉን ሰዎች፣ ይህን ሥርዓት ለመረዳት ማብራሪያ የሚያሻን አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉን ይዝጉና አንድ ቀን ያሳድሩት። በማግስቱ መጽሐፉን ሳይገልጡ ያነበቡትን ፋንታሲ ለማያነብ ሰው ይተርኩለት። በልጅነታችን ተረት ሲነገረን «ከዚያስ?» እንል እንደነበር ሁሉ የአድማጭዎን ጥያቄ ልብ ብለው ይስሙ። እኔ አንድ ጊዜ እጅግ የተወደሰ መጽሐፍ መጀመሪያ ለታናሽ እህቴ ቡና ስትቆላ ተረኩላት። «ይሄኛው ንጉሥ የዚያኛው ወንድም ነው?»፣ «ሰሜን ያልከው አገር የማን ነበር?» አለችኝ እንጂ «ከዚያስ?» አላለችም፤ እኔም ሳስበው የማስታውሰው ካርታውን ነበር። በሌላ ጊዜ ግን ስለ አንድ በቤተ መንግሥት ጓዳ ስለሚያድግ ዲቃላ ልጅ ስተርክላት ጀበናው ሊገነፍል ደርሶ «ውሻውንስ ነጠቁት?» አለችኝ። የመጀመሪያውን አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ ተውኩት፤ የሁለተኛውን ሦስት ቅጽ በአንድ ክረምት ጨረስኩ። ሰሚ ያጣ ሰው ለራሱ በድምፅ ይተርክ፤ የሰው ችግር ትቶ የነገሥታት ስም ሲዘረዝር ራሱን ይይዘዋል።

6. አንድ ቅጽ ብቻ ይግዙ

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ የማርቲን መጻሕፍት በሲባጎ ታስረው አገኘሁ። ሙሉ ነው ተባልኩ፤ ተከራክሬ ዋጋውን አስቀነስኩና በደስታ ተሸክሜ ሄድኩ። ያላወቅሁት ነገር ቢኖር ሦስተኛው ቅጽ በእንግሊዝ አገር በወረቀት ሽፋን ሲታተም ለሁለት ተከፍሎ የወጣ መሆኑን ነው። እኔ የገዛሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር፤ ይህንንም ያወቅሁት ታሪኩ በጋለበት ቦታ የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ለወራት ፈለግሁት። ሳጣው ዘልዬ ወደ አራተኛው ገባሁ፤ ማን እንደሞተና ማን እንደገደለ ሳላውቅ፣ ገንዘብ ስለከፈልኩበት ብቻ ገጽ እየቆጠርኩ ጨረስኩት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ገዢ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ ይግዙ ወይም ይዋሱ። አሮጌ መጽሐፍ ሲገዙ ከርዕሱ ሥር «ክፍል አንድ» የሚል ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ይዩ፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገልጠው የቅጾቹን ዝርዝር ከያዙት ጋር ያመሳክሩ፤ የመጨረሻው ገጽ አለመገንጠሉንም ያረጋግጡ። ሻጩ ሁሉንም ካልወሰድክ አልሸጥም ቢል ይተዉት። የከፈሉበት መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሲያይዎ ፍርድዎ ነጻ አይሆንም።

7. የመጀመሪያውን ቅጽ ሲጨርሱ ሁለት ሳምንት ይቆዩ

በጨረሱ ማታ አይወስኑ፤ ደራሲዎች የቅጽን መጨረሻ ልብ በሚሰቅል ቦታ ላይ መቁረጥ ያውቁበታል። ሁለት ሳምንት ቆይተው ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ እንኳ በራሱ ጊዜ ትዝ ካለዎ ሁለተኛውን ይፈልጉ። ከመግዛትዎ በፊት የመጀመሪያው ቅጽ ካነሣቸው ጥያቄዎች የመለሰልዎን አንድ ጥያቄ በቃልዎ ይናገሩ። ታሪኩ አንድ ቢሆንም እንኳ በእያንዳንዱ ቅጽ ውስጥ የሚዘጋ በር መኖር አለበት፤ ሁሉን በር ከፍቶ አንዱንም ያልዘጋ ደራሲ በአምስተኛውም አይዘጋውም የሚል እምነት አለኝ።

የሚቀጥሉ ከሆነ ቅጾቹን በታተሙበት ቅደም ተከተል ያንብቡ፤ ቆይቶ የተጻፈ «የቀድሞ ታሪክ» ቢኖር እንኳ በኋላ ይድረስ። ከመተኛትዎ በፊት በመጽሐፉ የውስጥ ሽፋን ላይ አምስት መስመር ማጠቃለያ በእርሳስ ይጻፉ፤ ቀጣዩን ለማግኘት ስድስት ወር ቢፈጅብዎ ያድንዎታል። ላለመቀጠል ከወሰኑ ደግሞ የቀረውን ታሪክ ማጠቃለያ አንብበው የልብዎን ማድረስ ነውር የለበትም። መጽሐፉን ለሌላ አንባቢ ያስተላልፉት፤ ሲሰጡት ግን ስንት ቅጽ እንደሚቀረው ሳይደብቁ ይንገሩት።