ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ በመጠጥ የምትሳሳቱት

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ስለ ሙቀት ምን ያውቃል? ጠዋት ጋቢ ተከናንበን ነው የምንወጣው። ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ግን ሌላ አገር ነው። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ2,700 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። አንድ ግንቦት የሰፈራችን ልጆች ለኳስ ሲወርዱ የመጠጡ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ስህተቶቹን የማውቃቸው ስለሠራኋቸው ነው።

የመጀመሪያው፣ ሃይላንዱን እስከ አፉ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ መክተት። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጠዋት ስከፍት የጠርሙሶቹ ሆድ ተነፍቷል፣ ሁለቱ ከታች ተሰንጥቀዋል። ከላይ ሦስት አራት ጣት አጉድሉ። የብርጭቆ ጠርሙስና ጋዝ ያለው ለስላሳማ ጭራሽ አይግባ።

ሁለተኛው፣ ሁሉንም ድንጋይ እስኪሆን ማቀዝቀዝ። እረፍት ላይ ልጆቹ ጠርሙሱን ግንባራቸው ላይ ያሹታል እንጂ የሚጠጣ ጠብታ የለም። ማታ ግማሽ ብቻ ሞልታችሁ በጎን አጋድሙት። ጠዋት ከዚያው መጠጥ ሙሉበት። ማታ መብራት ከጠፋ ያው አንድዬ ያውቃል።

ሦስተኛውን ማንም አልነገረኝም ነበር። የስፖርት መጠጥ በዋናነት ውሃ፣ ስኳርና ጨው ነው። ሲቀዘቅዝ ቀድሞ በረዶ የሚሆነው ውሃው ነው፤ ስኳሩና ጨው ባልረጋው ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻሉ። ሲቀልጥም ጣፋጩ ይቀድማል። መጀመሪያ የተጎነጨው አጥቂያችን «ይሄ የሳል ሽሮፕ ነው እንዴ?» አለ። መጨረሻ የደረሰው በረኛ ደግሞ ቀለም እንኳ የሌለው ውሃ ጠጣ። ጨው ያስፈለገው ሲሮጥ የዋለው ነበር፤ በረኛው የቆመበት ነው የዋለው፣ ግን እሱም አኮረፈ። አሁን በረዶውን ከውሃ ብቻ እሠራለሁ፤ መጠጡን ሳላረጋ ከጎኑ አስቀምጣለሁ። መጠጡን ማርጋት የግድ ከሆነ ግን ቀልጦ እስኪያልቅ ጠብቁና በደንብ ናጡት።

እናቴ «በጋቢ ጠቅልለው» ስትለኝ ስቄባት ነበር። ጋቢ ያሞቀዋል ብዬ። ጋቢ ግን ሙቀት አይሠራም፤ የውጪው ሙቀት እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ። ፌስታል ውስጥ የያዝኩት በረዶ ደብረ ሲና ላይ መንጠባጠብ ጀመረ።

በረዶ ውሃ ያጸዳል ብሎ ማሰብም አለ። አያጸዳም። ብዙ ጀርም ቅዝቃዜውን ተቋቁሞ ያድራል። የማትጠጡትን ውሃ አታርጉት።

ለምለምን (በውሃ የሚበጠበጠውን የኦ.አር.ኤስ ዱቄት) በተመለከተ፣ ባለ አንድ ሊትሩን ከረጢት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ የሚበጠብጡ አሉ። «ጠንከር ይበል» ነው ነገሩ። አንድ ሊትር ካለ አንድ ሊትር ነው፤ ሲወፍር ሆድ ይረብሻል። የተበጠበጠውም ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ለአንድ ሰዓት ጨዋታ ደግሞ ደህና ለበላ ልጅ ውሃ ይበቃዋል። ሽንኩርት ማሳ ላይ ሲያልበው ለሚውል ሰው ግን ውሃ ብቻውን፣ በተለይ በብዛት፣ የሰውነቱን ጨው ያቀጥነዋል። ምሳውን ይብላ፣ ወይም ጨው ነካ ያደረገ በሶ ይበጥብጥ። የመንዝ ገብስ ለምን ሆነና!

ውሃ እስኪጠማ መጠበቅም አያዋጣም። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ሽንታችሁ ከጠቆረ ዘግይታችኋል። ከጨዋታ በኋላ ጠላ መጋበዝ ደስ ይላል፣ ግን ውሃው ይቅደም።

ሰውነቱ እየተቃጠለ የሚዘባርቅ ሰው ካያችሁ የመጠጥ ጉዳይ አልፏል። ጥላ ስር አስገቡት፣ ልብሱን አላልታችሁ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ መኪና ጥሩና ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አታንቆርቁሩ።