የሕክምና ቃል ከጭራው ይነበባል

የላብራቶሪ ውጤት ተቀብሎ ቃሉ ረጅም ስለሆነ ብቻ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። እኔም ደንግጬ አውቃለሁ። ቃሉ ግን ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ ስትፈቱት ይገባችኋል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ እነዚህ ቃላትም ዋናውን ነገር የሚናገሩት ጭራቸው ላይ ነው። ስለዚህ ከኋላ ጀምሩ።

«ኤሚያ» ብሎ ካለቀ ነገሩ ያለው ደም ውስጥ ነው። «ኡሪያ» ከሆነ ሽንት ውስጥ፤ ሄማቱሪያ ሲሏችሁ ሽንት ደም ቀላቅሏል ማለት ነው። (ብቻውን «ዩሪያ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሌላ ነው፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ስም ነው።) «አይተስ» ብግነት፣ ማለትም መቆጣትና ማበጥ ነው፦ ሄፓታይተስ የጉበት፣ አርትራይተስ የመገጣጠሚያ። «ፔኒያ» ደግሞ ማነስ።

እስቲ አንድ አስፈሪ ቃል እንፍታ፤ ትሮምቦሳይቶፔኒያ። ፔኒያ፣ አንሷል። ምኑ? ሳይቶ፣ ሴሉ። የትኛው ሴል? ትሮምቦ፣ ደም የሚያረጋው። በቃ፣ ፕላትሌት አንሷል ነው የሚለው። ፕላትሌት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ150,000 እስከ 450,000 ይሆናል፤ ከዚያ ሲወርድ ነው ይህ ስም የሚመጣው።

መነሻው ላይ «ሃይፖ» እና «ሃይፐር»ን ለዩ። ለጆሮ ይመሳሰላሉ፣ ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው። ሃይፖግላይሴሚያ ደም ውስጥ ስኳር ሲያንስ፣ ሃይፐርግላይሴሚያ ሲበዛ። ካልሰማችሁ አትፈሩ፣ «አንሷል ነው በዝቷል ያሉኝ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የራሳችን አማርኛ ነው። «ደም ብዛት» እንላለን፣ «ደም ማነስ» እንላለን፣ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ይመስለናል። አይደለም። ደም ብዛት የምንለው የግፊት መጨመር ነው፤ ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል እንጂ የደሙ መጠን አይደለም፣ የሚለካውም ክንድ ላይ በሚጠመጠመው መሣሪያ ነው። ደም ማነስ፣ ማለትም አኒሚያ፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሲቀንስ ነው። እሱ የሚታወቀው ደም ተወስዶ ሲመረመር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለአዋቂ ወንድ በዴሲሊትር ከ13 ግራም በታች፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል።

አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ። ኩላሊትን ውሰዱ። ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን በብዛት የሚሠራው ኩላሊት ነው፣ ግፊትን ከሚቆጣጠሩትም አንዱ እሱው ነው፤ ሲታመም ደም ያንሳል፣ ግፊትም ይጨምራል። እና «እኔ ደም ማነስ አለብኝ፣ ደም ብዛት አይነካኝም» ብላችሁ የግፊት መድኃኒት እንዳታቋርጡ፣ አደራ። ሐኪሙ ጋ ስትቀርቡ ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ፦ «ግፊቴ ስንት ነው? ሄሞግሎቢኔስ?»