የበርሊን መከላከያ፦ በ14 እርምጃ አቻ መውጣትና ለዳኛው በትክክል ማሳወቅ

በቼዝ ውድድር በመጨረሻው ዙር ግማሽ ነጥብ ለሚበቃው ተጫዋች የሩይ ሎፔዙ (በቢሾፕ ቢ5 የሚታወቀው መክፈቻ) የበርሊን መከላከያ አጭር መንገድ አለው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው (በየቁጥሩ መጀመሪያ የነጭ፣ ቀጥሎ የጥቁር እርምጃ)፦

1. ኢ4፣ ኢ5። 2. ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6። 3. ቢሾፕ ቢ5፣ ፈረስ ኤፍ6። 4. ነጭ ካስል ያደርጋል (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ እርምጃ ያንቀሳቅሳል)፤ ጥቁር በፈረስ ኢ4ን ይበላል። 5. ዲ4፣ ፈረስ ዲ6። 6. ወታደሩ ኢ5ን ሲበላ ፈረሱ ቢ5 ላይ ያለውን ቢሾፕ ይበላል። 7. ኤ4፣ ከቢ5 ፈረስ ዲ4። 8. ፈረስ ዲ4ን ይበላል፣ ዲ5። 9. ነጭ በአን ፓሳን (ሁለት ቤት የዘለለውን ወታደር በማለፍ ላይ እንዳለ በመብላት) ዲ6 ላይ ይበላል፤ ጥቁር በፈረስ ዲ4ን። 10. ንግሥት ዲ4ን፣ ንግሥት ዲ6ን ይበላሉ።

አሁን ንግሥቶቹ ተፋጠዋል። ነጭ ቢቀያይር ጥቁር ሁለት ቢሾፕ ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ 11. ንግሥት ኢ4 ቼክ፣ ጥቁርም ንግሥት ኢ6። 12. ንግሥት ዲ4 ሲመለስ ሩክ ኢ1 ላይ መጥቶ ንግሥቲቱን ከንጉሧ ጋር ሊያስር ነው፤ ጥቁር ይህን አይቶ ወዲያው ንግሥት ዲ6 ይላል። 13ኛውና 14ኛው የእነዚሁ ድጋሚ ናቸው።

ጥቁር ሆናችሁ ይህን ብቻ ሸምድዳችሁ አትቀመጡ። ነጭ በ6ኛው ቢሾፑን በሲ6 ፈረስ ቀይሮ በ8ኛው ንግሥቶቹን ሊያወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ክራምኒክ ካስፓሮቭን ያስቸገረው በዚህ ነበር። እዚያ ጠጠር ሁሉ ከተቀያየረ ትሸነፋላችሁ፦ ነጭ በንጉሥ ጎን 4 ለ3 ወታደር አለው፣ የእናንተ የሲ መስመር ወታደሮች ግን ተደራርበዋል። ሁለቱን ቢሾፖች አትልቀቁ።

ብዙ አቻ የሚበላሸው ሰሌዳው ላይ ሳይሆን አጠያየቁ ላይ ነው። አቻ የሚጠየቀው ያው አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ሲመጣ ነው፦ የሚቆጠረው ቼክ ሳይሆን አቀማመጥ ነው፤ ያው አቀማመጥ ከጥቁር 10ኛ፣ 12ኛና 14ኛ እርምጃ በኋላ ይገኛል። ጥቁር ከሆናችሁ 14ኛውን ንግሥት ዲ6 እርምጃ በሚመዘገብበት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ጠጠር ሳትነኩ ሰዓቱን አቁማችሁ ዳኛውን ጥሩ። ንግሥቲቱን ከነካችሁ በዚያ ተራ የመጠየቅ መብታችሁ ያልፋል። ጥቁር ተጫውቶት ከሆነ ደግሞ መብቱ የነጭ ነው። ጥያቄው ስህተት ሆኖ ከተገኘ ተጋጣሚያችሁ 2 ደቂቃ ይጨመርለታል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል።