ቀሪውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ቤቱን በዝናብ ማግስት ይዩት

ደሴ ውስጥ አፓርታማ ለመግዛት ቀብድ የከፈሉ ሰዎች ቀሪውን ገንዘብ ከማስረከባቸው በፊት፣ ቢቻል በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከበድ ያለ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ቤቱን በቀን ብርሃን ደግመው እንዲያዩት እመክራለሁ። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረችና የመሬት መንሸራተት የሚያጠቃት በመሆኗ፣ ከግድግዳው አስቀድሞ መታየት ያለበት ከሕንፃው ጀርባ ያለው የድጋፍ ግንብ ነው፤ ግንቡ ሆዱን ገፍቶ ከታየ ወይም የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ በአፈር ከተደፈኑ መሐንዲስ ሳያማክሩ አይፈርሙ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ መኖሩን ይመልከቱ፤ ፀጉር የሚያህለው አብዛኛውን ጊዜ የልስን ነው፣ የሳንቲም ጠርዝ የሚያስገባው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኙ (እኔ ያገኘሁት ከቁም ሣጥን ጀርባ ነበር) በመዳፍዎ ዳስሰው እርጥበት መያዝ አለመያዙን ያረጋግጡ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተውም የውኃ ቆጣሪውን ለ15 ደቂቃ ያህል ይከታተሉት፤ ከዞረ የሚያፈስ መስመር አለና ጥገናው በማን ወጪ እንደሚሆን በውሉ ላይ በጽሑፍ ያስፍሩ።